በለቅሶ ወረቀት የተሄደ ሽርሽር

የልጆቼ አባት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። የጂኦግራፊ አስተማሪ ያገባች ሴት ዝናብ ሲመጣ ልብሷን ከገመድ ከማንሣቷ በፊት ዝናቡ ከየትኛው ውቅያኖስ እንደተነሣ ትሰማለች። እኔም ስንት ዓመት ሙሉ ሰምቻለሁ፤ ልብሱም ስንት ዓመት ሙሉ በስብሷል። ስለዚህ በጥቅምት ወር አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የነገረኝን ነገር መጀመሪያ እንደ ዝናቡ ወሬ ነበር የሰማሁት።

«ቅዳሜ ልጆቹን ይዘን ተራራ እንወጣለን» አለኝ።

«የቱን ተራራ?»

«ያንቺን ነዋ። የአባትሽን አገር።»

«ምን ልናደርግ?»

«ለሽርሽር።»

እንግዲህ ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው፣ አገሩም ደብረ ታቦር ነው። በእግር መሄድ ብርቃችን አልነበረም፤ ከእግር ሌላ ምን ነበረንና። ግን ሰው ሲሄድ ወይ ወደ ገበያ ነው፣ ወይ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወይ ወደ ስብሰባ፣ ወይ ታሞ፣ ወይ የታመመ ሊጠይቅ፣ ወይ ሊያለቅስ። ባልና ሚስት ሁለት ሕፃን አስከትለው አገር ለማየት ተራራ ወጡ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። እሱ ራሱ ተማሪዎቹን ጋፋት ድረስ ወስዶ ያውቃል፤ እሱም ቢሆን ትምህርት ተብሎ፣ ከዳይሬክተሩ ተፈቅዶ ነው።

የአባቴ ቤት ከተራራው ጫፍ ዝቅ ብሎ፣ ጫካው ውስጥ ካለችው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ከደብረ ታቦር በጀርባ በኩል የሚወስድ መንገድ አለ፤ በደጋው ደጋ ግማሽ ቀን ነው፣ ሜዳ ማለት ይቻላል። እኔ ስሄድም ስመለስም ሌላ መንገድ አላውቅም ነበር። እሱ ግን በጀርባው አይሆንም አለ። በጭነት መኪና ቆላው ድረስ ወርደን፣ ከደረቁ ወንዝ ተነሥተን፣ ፊት ለፊቱን ነው የምንወጣው።

«ለምን?» አልኩት።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እያልኩ በጠመኔ ሥዬ አስተማርኩ። ልጆቹ ቆላ ማለት የሰሌዳው ግርጌ ይመስላቸዋል። ቢያንስ የራሴ ልጆች በእግራቸው ይወቁት። በአንድ ቀን ከበረሃ እስከ ጫካ! ይኼ በሌላ አገር ቢሆን ሰው ከሩቅ ይመጣል።»

«እኛ ግን እዚሁ ነን» አልኩ። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ፤ ማለትም እንሄዳለን ተባለ።

ከመንገዱ በፊት ስለ ወንድሜ ልናገር፣ አለዚያ የሚከተለው ነገር አይገባም። ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነበር። የመጨረሻ ደብዳቤው የመጣው ለፋሲካ ነው። ከዚያ ክረምቱ አለፈ፣ ዘመን ተለወጠ፣ መስቀል ተከበረ፣ አንድ መስመር አልመጣም። በቤታችን ስለዚህ ነገር አይወራም ነበር። ሬዲዮው ስለ ጦር ግንባር መናገር ሲጀምር ባለቤቴ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ እኔ ደግሞ እንጨት ላመጣ እወጣለሁ። ያን መከር ከማገዶ የተረፈ እንጨት ሞልቶን ነበር።

ሌላም መነገር ያለበት አለ። በኛ አገር ሞት ፊት ለፊት አይነገርም። ሟቹ የኔ ወገን ከሆነ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፣ እኔ ብቻ አላውቅም። ባል ወይም የቅርብ ዘመድ «አክስትሽን ትንሽ አሟቸዋል፣ እስቲ ደርሰን እንምጣ» ብሎ እስከ ወገኖቼ ደጃፍ ድረስ ያደርሰኛል። እዚያ ስደርስ መርዶው ይነገረኛል። የሚመራው ሰው ምክንያቱን አሳምሮ ይፈጥራል፤ የምትመራዋ ሰው ደግሞ ብትጠረጥርም አትጠይቅም። ሥርዓቱ ነው።

ቅዳሜ ጧት በጭነት መኪና ወረድን። ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ያኔ አንዷ ዘጠኝ፣ አንዷ አምስት ዓመታቸው ነበር። ትልቋን አባቷ ደብተር አስይዟታል፤ በየመንገዱ ያየችውን ዛፍ በቅደም ተከተል እንድትጽፍ ታዝዛለች። ትንሿ የተሰጣት ኃላፊነት አልነበረም፤ የተጠማችበትን ቦታ ብቻ ነበር የምትናገረው፣ እሱንም ያለማቋረጥ ተናገረች። እኔ በሶ፣ ዳቦና ሁለት ኮዳ ውኃ ይዣለሁ። ባለቤቴ ኮቱን ለብሷል። ለምን በበረሃ ኮት እንደለበሰ ስጠይቀው «ላይ ስንደርስ ይገባሻል» አለ።

ታች ኬላው ላይ ወረድን። የኬላው ጠባቂ መሣሪያውን ተደግፎ ከጥላ ወጣና የይለፍ ወረቀት ጠየቀ። ያኔ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ሳይያዝ ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው ቀርቶ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላውም ያስቸግራል። ባለቤቴ ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ሰጠው። ጠባቂው አነበበ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ወረቀቱን አየ፣ ከዚያ ቆቡን አወለቀ።

«እግዜር ያጽናችሁ፣ መምህር» አለው በቀስታ። ለኔም «እናቴ፣ እግዜር ያጽናሽ» አለኝ።

ተራራውን ቀና ብዬ አየሁት። እውነትም መጽናት የሚጠይቅ ነበር። «አሜን፣ ቀስ እያልን እንወጣዋለን» አልኩት። ሰውዬው ፊቱን አዞረ።

ደረቁ ወንዝ ውስጥ ስንገባ ሙቀቱ ከድንጋዩ ነው የሚነሣው። አሸዋው በላስቲክ ጫማ ውስጥ ገብቶ እግር ይጠብሳል። ከግራር በቀር የቆመ ነገር የለም፤ የግራሩም ጥላ ወንፊት ነው፣ ፀሐይን ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ ያሳልፋል እንጂ አይከለክልም። የልጆቼ አባት መሐል አሸዋው ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ።

«ይኼ ነው ቆላ!» አለ።

«ተጠማሁ» አለች ትንሿ።

«መጠማትሽ ትክክል ነው» አላት። ትልቋ ጻፈች፦ አንደኛ፣ ግራር።

ከወንዙ ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር ቁልቋል መጣ። እንደ መቅረዝ ቀጥ ቀጥ ብሎ ዳገቱን ሞልቶታል። እዚያ ላይ ትንሿ ልጅ ወደ ላይ ስታይ ወደቀችና ጉልበቷ ተላጠ። አለቀሰች። ባለቤቴ እሷን ይዞ ተቀምጦ፣ ኮቱን ቀድሞ አውልቆ በኔ ክንድ ላይ ጥሎት ነበርና፣ «ከኪሴ መሐረብ አውጪልኝ» አለኝ።

መሐረቡ ሲወጣ ወረቀቱም አብሮ ወጣ። ከእግሬ ሥር ወደቀ። አነሣሁት።

የልጆቼ አባት አንድ የሚረሳው ነገር ነበረ፤ ማንበብ መቻሌን። ማንበብን ያስተማረኝ ሰው የለም። ልጅ ሳለሁ ወንድሜ ትምህርት ቤት ሲሄድ እኔ አልሄድኩም፤ እሱ ጨርሶ የጣለውን ደብተር ግን ከዱቄት ስልቻው ሥር እየደበቅሁ ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀምኩት። ኋላ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት መጽሐፉን አንብቤ ብጨርሰው አስተማሪው ሌላ ቀበሌ ተምራ የመጣች ናት ብሎ ሊመልሰኝ ነበር። ወንድሜ ሀን ሲጽፍ አንድ እግሩ እንደተሰበረ ወንበር ያዘነብለዋል፤ የኔም ሀ እስከ ዛሬ እንደዚያው ያዘነብላል። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ያውቃል። ግን ከኔ የሚደብቀውን ወረቀት ሁሉ ጽሑፉን ወደ ላይ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል።

ወረቀቱ እንዲህ ይል ነበር፦ «ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው መምህር ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ወደ ባለቤታቸው ወላጅ አገር ለለቅሶ ስለሚሄዱ በየኬላው ትብብር እንዲደረግላቸው።» ማኅተሙ ክብ ነው፣ ቀለሙ በዝቶበት ፈሷል።

ወረቀቱን አጥፌ መለስኩት። መሐረቡን ሰጠሁት። ጉልበቷን ጠረገላት።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተገጣጠመልኝ። ሽርሽር የሚባለው ለምን እንደመጣ፣ በጀርባ ያለው የተለመደው መንገድ ለምን እንደቀረ። በዚያ መንገድ ሁሉም ያውቀኛል፤ ከሳር ቤቱ ሁሉ ብቅ እያሉ ይነግሩኛል። በዚህ በኩል የሚያውቀኝ ግራር ብቻ ነው። ሰውዬው እኔን ለመጠበቅ ሲል ሁለት ሕፃን ይዞ በረሃ ገባ። ኮቱም ገባኝ፤ ለቅሶ ቤት ያለ ኮት አይገባም።

ወንድሜ ሞቷል ማለት ነው።

አልጮህኩም። አልጠየቅሁም። ካልጠየቅሁ አልተነገረኝም፣ ካልተነገረኝ ደግሞ እስከ አባቴ ደጃፍ ድረስ ወንድሜ አለ። ተራራው ረጅም መሆኑ ደስ አለኝ። ከዚያ በፊት ስለ ርዝመቱ ብዙ አጉረምርሜ ነበር።

ያደረግሁት ነገር አንድ ነው። ነጠላዬን አውልቄ ገለበጥኩት፤ ጥበቡ ታች መሆኑ ቀርቶ አንገቴ ላይ እንዲመጣ አድርጌ ለበስኩት። ኀዘንተኛ እንደዚህ ነው የሚለብስ። ሳያውቁብኝ እንኳ ልዘንለት ብዬ ነው።

ባለቤቴ ትንሿን እሽኮኮ አድርጎ ሲነሣ አየኝ።

«ምነው ነጠላሽን?»

«እሾህ እየያዘው ነው።»

ነጠላ የሚይዘው እሾህ ታች ግራሩ ጋ ነው፤ ካለፍነው ቆይተናል። እያንዳንዱን ቅጠል እየቆጠረ የመጣ ሰው ይህን ማየት ነበረበት። አየው። ፊቱም ተለወጠ። በኋላ እንደነገረኝ፣ ከደረቁ ወንዝ አሸዋ ቆፍራ ውኃ የምትቀዳ አንዲት ሴት ሰላም ስትለኝ አይቶ ነበር። ሴትዮዋ የሱ እናት መሞታቸውን በጆሮዬ ሹክ ያለችኝ፣ እኔም ከሱ የደበቅሁት መሰለው። እናቱ በዚያ ወረዳ ነበሩ፣ ያኔ ደግሞ ያማቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ቆመ። ወይራው መጣ፣ ማንም «ይኼ ወይና ደጋ ነው» አላለም። ትልቋ ልጄ አባቷን ጠብቃ ጠብቃ በራሷ ጻፈች። እሱ የኔን ኮዳ ተቀብሎ ያዘልኝ። እኔ ደግሞ «ልጅቷን አምጣት፣ ደከመህ» አልኩት። «አይ፣ አንቺ እረፊ» አለኝ። «አንተ ተቀመጥ» አልኩት። ድንጋይ ጠርጎ አስቀመጠኝ። እኔ ዳቦውን ቆርሼ ትልቁን ለሱ ሰጠሁት፣ እሱ መልሶ ሰጠኝ፣ መጨረሻ ልጆቹ በሉት። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ቀን ተከባብረን አናውቅም።

ብሳናው ጋ ስንደርስ ጌሾ የተሸከሙ ሁለት ሴቶች እየወረዱ ነበር። ነጠላዬን አይተው ሸክማቸውን አወረዱ።

«እህት ዓለም፣ ምን አገኛችሁ? ማን ነው?» አለች አንደኛዋ።

«ገና አልነገሩኝም» አልኳት።

ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች። ሁለተኛዋ በክርኗ ጎሸመቻት። «ደኅና ነው እኮ፣ ምንም የለም፣ ምንም አልሆነም» ማለት ጀመሩ ሁለቱም ባንድ አፍ። ይህ ደግሞ በኛ አገር አንድ ነገር ሲሆን ብቻ ነው የሚባለው። ባለቤቴ ሰማ። አንገቱን ደፋ። ሴቶቹ ሲያልፉ አንደኛዋ «ወይኔ፣ ባልየውም አልሰማም መሰለኝ» ስትል ሁለታችንም ሰማናት፤ ሁለታችንም እንዳልሰማን ሆንን።

ከዚያ በላይ ጥዱ ነው፣ ከጥዱ በላይ ኮሶው። ጥዱ ሲጀምር አየሩ ይለወጣል፤ ከታች ያመጣነው ላብ ጀርባችን ላይ ቀዘቀዘ። ትንሿ ተጠማሁ ማለቷን ትታ በረደኝ አለች። ባለቤቴ ኮቱን ከክንዴ ወስዶ አለበሳት፤ ላይ ስንደርስ ይገባሻል ያለኝ ይኼን ኖሯል፣ እኔ ግን ኮቱ ለለቅሶ አለመሆኑን ለመጠርጠር ጊዜው አልፎብኝ ነበር። ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። ልጆቹ ቆመው ይስቃሉ። እኔ ወንድሜ በልጅነቱ ለነዚህ ጉሬዛዎች «ቄሶች» እያለ ያወጣላቸውን ስም እያስታወስኩ፣ እንዳይታይብኝ ከልጆቹ እኩል ሣቅሁ።

አባቴ የገብስ ማሳቸው ዳር ቆመው ዝንጀሮ ይጠብቁ ነበር። ከጫካው ስንወጣ መቶ እርምጃ ያህል ይርቁናል። እጃቸውን በግንባራቸው ላይ አድርገው አዩን። ሰላምታ የሚሰጡን መስሎኝ ነበር። አልሰጡም። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ወገባቸው ላይ አሸረጡት።

በቃ። ወንድ ጋቢውን ወገቡ ላይ የሚያሸርጠው ለለቅሶ ነው። «ወንድሜን!» ብዬ ጮህኩ። አባቴም «ልጄን!» ብለው ጮኹ። ባለቤቴ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እሳቸውን አየና፣ እሱም የራሱን እናት ትቶ ስለ ወንድሜ ያለቅስ ጀመር። ይወደው ነበር። ልጆቹ እኛን አይተው አለቀሱ።

የአባቴ ጎረቤት እማሆይ ናቸው፤ ስማቸውን ትተን እማሆይ ነው የምንላቸው፣ ከመነኮሱ ሠላሳ ዓመት ሊሆናቸው ነው፣ ምላሳቸው ግን አልመነኮሰም። ከሁሉም ቀድመው ደረሱ። ከኋላቸው ሰፈሩ መጣ። አንዱ ሙሾ ያወርዳል፣ ሌላው ድንኳን ባይኖርም ለዳስ ቅጠል ይቆርጣል፣ ከአንዱ ቤት ንፍሮ ተጣደ። ወንድሜ ልጅ ሳለ የሰረቀው ሸንኮራ ሳይቀር ከደግነቱ ተቆጠረለት። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ግድም ይሆናል። ከዚያ እማሆይ እንባቸውን በቆባቸው ጫፍ ጠርገው ጠየቁ።

«ለመሆኑ መርዶውን ማን አመጣው? እንዴት ነው የሞተው?»



አባቴ ወደ እኔ አመለከቱ። «እሷ ናት። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ስትመጣ አየኋት።»

«እኔ? እኔ ምን አውቄ! እሱ ነው» አልኩ ባለቤቴን። «ከቀበሌ ወረቀት ይዞ ነው ያመጣኝ።»

«እኔ?» አለ ባለቤቴ። «እኔ ያወቅሁት አሁን አባትሽ ጋቢያቸውን ሲያሸርጡ ነው!»

«ወረቀቱ ላይ ለለቅሶ ይላል። አንብቤዋለሁ።»

ያን ጊዜ ፊቱን ያየ ሰው በሕይወቱ አይረሳውም። ትንሿ ከለበሰችው ኮት ኪስ ወረቀቱን አወጣ፣ አየው፣ መለሰው።

«አንብበሽዋል?» አለ።

«ማንበብ እችላለሁ» አልኩት።

«ጸሐፊው ነው የጻፈው» አለ፣ ለኔ ብቻ ሳይሆን ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ። «ለሽርሽር ብዬ ጻፍልኝ አልኩት። ሽርሽር የሚባል ምክንያት የለም አለኝ። ያሉት ሦስት ናቸው፦ ሕክምና፣ ስብሰባ፣ ለቅሶ። ለሕክምናው የሐኪም ወረቀት አምጣ፣ ለስብሰባው የጥሪ ደብዳቤ አምጣ፣ ለለቅሶው ምንም አይጠየቅም፣ ምረጥ አለኝ። መረጥኩ።»

 ትንሿ ልጄ፣ ኮቱ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ወርዶ፣ «እኛ እኮ ለሽርሽር ነው የመጣነው» አለች።

እማሆይ ቀስ ብለው ተነሡ። «ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

«ማንም» አለ ባለቤቴ።

«ማንም ካልሞተ ለምን አስለቀሳችሁኝ? በዚህ ዕድሜዬ መሬት ላይ ወድቄ፣ ጉልበቴን እዩት! እግዜር ይይልህ፣ አስተማሪ ነኝ ባይ! ደግሞ ሽርሽር ምንድን ነው?»

«በእግር እየሄዱ አገር ማየት ነው፣ እማሆይ።»

«እና ዐይን የሌለን መሰለህ? እኛ በየቀኑ እናየው የለም?»

ሰው መሣቅ ጀመረ። አንድ ሁለቱ ጋቢያቸውን መልሰው ለበሱ። እኔም ነጠላዬን መለስኩ። አባቴ ግን አልሣቁም። እንዳሸረጡ ተቀመጡ። አጠገባቸው ሄጄ ተንበረከክሁ።

«አባዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰምተዋል አይደል፣ ማንም አልሞተም።»

«እናንተ መርዶ አላመጣችሁም» አሉኝ። «ደብዳቤውስ?»

«የቱ ደብዳቤ?»

ቤት ገብተው ከምሰሶው ላይ የተንጠለጠለውን የቆዳ ከረጢት አወረዱ። ከውስጡ በጨርቅ የተጠቀለለ ፖስታ አወጡ። በመስቀል ማግስት ከገበሬ ማኅበሩ ተልኮ የመጣላቸው ነው። አልተከፈተም።

«ምነው እስካሁን? ቄሱ አሉ፣ ዲያቆናቱ አሉ፣ ለምን አላስነበቡትም?»

«ካልተነበበ ልጄ አለ ብዬ ነዋ» አሉ።

 እኔም ከቁልቋሉ እስከ ኮሶው ስሠራ የዋልኩት ይህንኑ ነው።

ፖስታውን ተቀበልኩ።  ከዚያ የአድራሻውን ጽሑፍ አየሁ። ሌላ ሰው ጽፎት ቢሆን፣ አለቃ፣ ጸሐፊ፣ ማኅተም ያለው ሰው፣ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ሀውን ፈለግሁ። ሀው አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር ነበር።

«እሱ ራሱ ነው የጻፈው» አልኩ።

አባቴ ጋቢያቸውን ከወገባቸው ፈቱ።

ቆሜ አነበብኩላቸው። ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ሰማ። የደብዳቤው እኩሌታ ሰላምታ ነበር፤ አባቴን፣ እማሆይን፣ ቀዩን በሬ፣ የሞተችውን በቅሎ ሳይቀር በስም በስም ጠየቀ። ስለ ውጊያ አንድም ቃል የለም። ከዚያ እንዲህ ይላል፦

«ያለሁበት ስፍራ በረሃ ነው። ዛፍ የለም። ጥላ የሚባለው የመኪና ሆድ ሥር ነው፣ እሱም በተራ ነው። ሙቀቱ ሲበዛብኝ ዐይኔን ጨፍኜ ከታች ከወንዙ እነሣና ወደ ቤት እወጣለሁ። ግራሩን አልፋለሁ፣ ወይራውን አልፋለሁ፣ ቁልቋሉ ጋ ቁጭ ብዬ ዐርፋለሁ። ጥዱ ጋ ስደርስ ይቀዘቅዘኛል። ኮሶው ጋ ስደርስ ብርድ ይለኛል። እስካሁን ቤት ገብቼ አላውቅም፣ ሁልጊዜ ከመድረሴ በፊት ይጠሩኛል።»

 የሰው ሁሉ ዐይን ወደ ታች፣ ወደ መጣንበት ገደል ሄደ። እማሆይ ሳይቀሩ አገራቸውን አዩ።

«ተሳስቷል» አለች ትልቋ ልጄ።

ደብተሯን ገልጣ ነበር። «ወይራው ከቁልቋሉ አይቀድምም። አንደኛ ግራር፣ ሁለተኛ ቁልቋል፣ ሦስተኛ ወይራ ነው። ጽፌዋለሁ።»

«ዝም በይ አንቺ!» አሉ እማሆይ።

«ትክክል ናት እኮ» አለ አባቷ። ከቁልቋሉ ወዲህ ያን ቀን የተናገረው የመጀመሪያ የጂኦግራፊ ቃል ነው። አባቴም በዚህ ሣቁ፤ በዚያች ቀን ያዩት ሁሉ አልፎ ያሳቃቸው ይህ ነው። «ትሄድና ትንገረዋ» አሉ።

ንፍሮው ደርሶ ነበር። ንፍሮ የለቅሶ ቤት ምግብ ነው፤ ሰው ሳይሞት አይበላም የሚል ተነሣ። እማሆይ ግን «የተቀቀለ እህል ምኑን ያውቃል፣ አቅርቡት» አሉ። ተበላ። እንደዚያ ያለ ንፍሮ ቀምሼ አላውቅም።

ማታውን መልስ ጻፍን። ወረቀቱ ከልጄ ደብተር የተገነጠለ ነው። እኔ ሰላምታውን፣ የቀዩን በሬ ደኅንነትና የበቅሎዋን ሞት ጻፍኩ። ልጄ ከግርጌው አንድ መስመር ጨመረች፦ «አጎቴ፣ ቁልቋሉ ከወይራው ይቀድማል።» ደብዳቤው የተጻፈበትን ቀን ስናሰላ ከመምጣቱ በፊት ሁለት ወር መንገድ ላይ ነበር። ያወቅነው ነገር ቢኖር በዚያ ቀን በሕይወት መኖሩን ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አናውቅም። ቢሆንም ያን ሌሊት አባቴ ተኙ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በጀርባው መንገድ ተመለስን። በዚያም በኩል አንድ ኬላ ነበር። ጠባቂው ወረቀቱን አነበበና ቆቡን አወለቀ።

«ለቅሶው እንዴት ነበር፣ መምህር?»

«ደኅና ነበር» አለ ባለቤቴ። «ሰውም መጥቶ ነበር።»

ኬላውን አልፈን ስንሄድ ጠየቅሁት። «እውነቱን ንገረኝ፣ ያን ሁሉ መንገድ ያስኬድከን ለልጆቹ ብለህ ብቻ ነው?»

«ቤቱን በእንጨት ሞላሽው» አለኝ። «ሌላ ነገር ብንሠራ ይሻላል ብዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ ከወንድሜ ደብዳቤ አልመጣም። ለአባቴ ግን ያቺው አንዷ እየተነበበች ብዙ አገለገለች፤ እኔ በሄድኩ ቁጥር አነብላቸዋለሁ፣ እሳቸውም ወይራው ጋ ስደርስ ሁልጊዜ እጃቸውን አንሥተው ያስቆሙኝና «እዚህ ጋ ተሳስቷል» ይላሉ።

ደርግ በወደቀ ሰሞን ወታደሩ ሁሉ በእግሩ ወደየቤቱ ሲመለስ፣ ወንድሜም ተመለሰ። ከስቷል፣ አንድ ጥርሱ የለም፣ እግሩ ላይ የነበረው የጎማ ጫማ ነው። በጀርባው ባለው ቀላል መንገድ መምጣት ሲችል በቆላው በኩል ነው የወጣው። ከሳምንት በኋላ እኛን ሊጠይቅ ደብረ ታቦር መጣ። አልቅሰን፣ ተሳስመን፣ እግሩን አጥበን ሳናበቃ ትልቋን ልጄን ፈለጋት። እሷ ያኔ ከሱ በቁመት ትበልጠው ነበር።

«ባለ ደብተሯ አንቺ ነሽ?» አላት።

«አዎ።»

«ወረቀትሽ ደርሶኛል። ከኪሴ አልለየኋትም፣ በመጨረሻ ላብ በላት እንጂ። አሁን ስመጣ ቆሜ አየሁት። እውነትሽን ነው፣ ቁልቋሉ ይቀድማል።»

የልጆቼ አባት ይህን እንደሰማ ወንበሩን አስጠጋ፤ ቁልቋል ለምን ከወይራ በታች እንደሚበቅል ከሙቀቱና ከዝናቡ ጀምሮ ማስረዳት ያዘ። ውጭ ደመናው ጠቁሯል፣ ልብሴ ገመድ ላይ ነው። ወንድሜ ግን እግሩ ውኃው ውስጥ እንዳለ፣ አንዱንም ቃል ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማው። እኔም ቁጭ ብዬ ሰማሁ።